እምነ በረዱና ዋንዛው

ጎንደር ውስጥ ጣልያን ሠርቶት በሄደ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ማድ ቤቱ ማድ ቤት ሆኖ አያውቅም። ከሳሎኑ ጎን አንድ ደህና ክፍል አለ። መስኮት አለው፣ የጭስ መውጫ አለው፣ በጡብ የተሠራ ወገብ የሚደርስ ምድጃ አለው። እኛ ግን እዚያ ጤፍና ማገዶ እናጭቅበትና ጓሮ በቆርቆሮ የተከደነ ዳስ ጥለን፣ መሬት ላይ ተኮልኩለን እንሠራለን። ጣልያን ከወጣ አሥር ዓመት አልፎት፣ እኔም የመጀመሪያ ልጄን ጡት ባስጣልኩበት ዓመት፣ የኛ ቤት እንዲያ ነበር። የጎረቤቶቼም እንዲያው ነበር። ጎደለብኝ ያለች ሴት አላውቅም።

ነገሩን ያስለወጠኝ የአማቴ ጉልበት ነው።

አማቴ ከከተማው ራቅ ያለው የትክል ድንጋይ ገጠር ሰው ነበሩ። ባላቸው ካረፉ በኋላ ሦስት ክረምት ብቻቸውን ኖሩ። ውሃ መቅዳቱ እየከበዳቸው ሲሄድ ልጃቸው፣ ማለቴ ባሌ፣ በቅሎ ይዞ ሄዶ ለምኖ አመጣቸው። አጭር፣ ደቃቃ፣ ፊታቸው ቶሎ የማይፈታ ሴት ነበሩ። በአገራቸው ሠርግም ይሁን ተዝካር እሳቸው ሳይመጡ ወጥ አይሠራም ነበር አሉ። እኛ ጋ ሲደርሱ ግን ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏል። አንድ ቀን ዳሱ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ከተፉልኝ። ሲጨርሱ መነሣት አቃታቸው። እጄን ዘረጋሁላቸው፤ አልያዙትም። የዳሱን ምሰሶ ጨብጠው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ እየታገሉ ተነሡ። ከዚያ ቀን ወዲያ ዳሱን አልረገጡትም።

በረንዳ ላይ ወንበር አወጣንላቸው። ቀኑን ሙሉ እንዝርታቸውን እያሾሩ ይውላሉ። ምሳ ሳቀርብላቸው "እግዜር ይስጥልኝ" ይሉኛል፣ ልክ እንደ መንገደኛ። ደሜን የምታፈላው ይቺ ቃል ነበረች። አማት ምራቷን ትነቅፋለች፣ ታሽሟጥጣለች፤ እንዲህ ማመስገን ምን የሚሉት ነው? ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ለባሌ ነገሩት። "ፋሲካን ከናንተ ጋር ልዋልና ወደ ቤቴ ልመለስ። ተቀምጦ መብላት አልለመደብኝም" አሉት። ባሌ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነው፤ ወረቀት ላይ አንበሳ፣ እናቱ ፊት ጥጃ። "እሺ እማዬ" ብሎ እኔ ጋ መጣና ፊቱን አጠቆረብኝ። ትክል ድንጋይ ማን አላቸው? ቤቱ ተዘግቷል፣ ምንጩ ሩቅ ነው፣ እንጨት የሚለቅምላቸው የለም። ሄዱ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እሳቸውም ያውቁ ነበር።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ መዥገር ነኝ። ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩና አንድ ጠዋት ጤፍ ልሰፍር ወደዚያ የጣልያን ማድ ቤት ገባሁ። ከምድጃው አጠገብ ቆሜ፣ እጄን ጡቡ ላይ እንዳሳረፍኩ፣ ነገሩ ብልጭ አለልኝ። ይህ እኮ ቆመው የሚሠሩበት ነው! መቀመጥ የለም፣ መነሣትም የለም። ከምድጃው ጎን ቆመው የሚከትፉበት ነገር ቢኖር፣ ከሥሩ ደግሞ ድስቱና ቅመሙ የሚገባበት ሣጥን ቢሠራ፣ አማቴ ጉልበታቸውን ሳያጥፉ ወጣቸውን ሊሠሩ ነው። በደስታ ጤፉን መስፈሩን ረስቼው ወጣሁ።

ግን እንዴት ተብሎ ይነገራል? "እመይቴ፣ ጉልበትዎ ስለ ደከመ ማድ ቤት ላሠራልዎ ነው" ይባላል? በዚያው ቀን ዕቃቸውን ያስጭኑ ነበር። ስለዚህ ለሁሉም "ለራሴ ነው" አልኩ። ወገቤን አመመኝ፣ የጓሮው ጭስ ሰለቸኝ፣ እንደ ፈረንጅ ቆሜ ልሥራ አልኩ። ለባሌም እንዲያው አልኩት፤ ምስጢር ከነገሩት ከፊቱ ላይ ይነበባል። ጎረቤቶቼ ልትፈረንጅ ነው ብለው ተሳሳቁብኝ። ቻልኩት።

አናጢው በልጅነቱ ጣልያኖች ዘንድ ሠርቶ እጁን ያፍታታ፣ ጸጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው ነበር። ኪሱ ውስጥ የሚታጠፍ የእንጨት ሜትር አለችው፤ እሷን ሲዘረጋ እንደ ቄስ መስቀል ነው የሚይዛት። ማድ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና "ማን ነው የሚሠራበት?" አለኝ።

"እኔ ነኝ፣ አያ" አልኩት።

"በይ ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ክንድሽን እጠፊ። ከክርንሽ ስንዝር ዝቅ ብሎ ነው የሚሆን።"

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ለካ። እኔ ቁመቴ ረጅም ነው። ባሌን በሁለት ጣት እበልጠዋለሁ፤ እሱ እኩል ነን ይላል፣ እኔም ለትዳሬ ስል እተውለታለሁ። አናጢው ቁጥሩን ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፈና ሄደ። ያን ጊዜ አንድም ነገር አልታየኝም።

እንጨቱ ዋንዛ ሆነ። ሁለት ሣጥን ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱ ባለ ሁለት መዝጊያ፣ ከላይ መሳቢያ ያለው። አናጢው በረንዳው ሥር ሆኖ ሲልግ አማቴ ከላይ ሆነው ያዩታል። የዋንዛ ፍቅፋቂ እግራቸው ሥር ድረስ እየተንከባለለ ይመጣል። አንዱን አንሥተው ሲያሸቱ አይቻለሁ።

በዚህ መሐል ባሌ ከሱ የማይጠበቅ ነገር አደረገ። ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ጣልያን ጥሎት የሄደ ቡና ቤት ነበር፤ ባንኮኒው ላይ የነበረው እምነ በረድ ተነቅሎ ግቢው ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ሆኖ ኖሯል። የግቢውን ባለቤት እንዴት አድርጎ እንዳግባባው አላውቅም፣ በአራት ሰው አሸክሞ መጣ። ነጭ ነው፣ ግራጫ ሥር የሚመስል መስመር ገብቶበታል። በአንድ በኩል ብርጭቆ እየተቀመጠበት የቀረ ክብ ክብ ምልክት አለው። ባሌ እንደ ሙሽራ እየዳሰሰው "እዩልኝማ!" ይላል። እውነትም ያምር ነበር።

ችግሩ ድንጋዩ ለሁለቱ ሣጥን አልበቃ አለ። አንዱን ይሸፍንና ትንሽ ይተርፋል፣ ለሌላው አይደርስም። ባሌ "ይቆረጥና እኩል ይካፈሉት፣ የጎደለው በሲሚንቶ ይሞላ" ይላል። አናጢው "እምነ በረድ ዳቦ መሰለህ? ከሰነጠቅሁት ሁለቱንም አጣኸው" ይላል። እኔ "አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ እንጨት ይሁን" ስል ሁለቱም ዞረው አፈጠጡብኝ። ድንጋይና እንጨት ጎን ለጎን አያምርም ባዮች ናቸው። የቱ ሣጥን ምን ይልበስ በሚለው ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅን።

አማቴ ከበረንዳው ሆነው፣ ዓይናቸውን ከእንዝርቱ ሳያነሡ ተናገሩ። "ምነው እንዲህ መንጫጫታችሁ? እንጨት ቅቤ ይጠጣል። ቅቤ የጠጣ እንጨት ደግሞ በጾም ምን ይሆናል? ብታጥቢው አይለቅ። ድንጋዩ ግን በአመድ ቢያሹት ይጠራል። ድንጋዩ ለፍስኩ፣ ዋንዛው ለጾሙ ይሁን። ድስቱም እንደዚያው ከየሥሩ ይግባ።"

በኛ ቤት የጾም ድስትና የፍስክ ድስት አይነካኩም፤ የሚቀመጡትም ለየብቻ ነው። ሦስታችንም ስለ መልኩ ስንጣላ እሳቸው ስለ ሥራው አስበውት አድረዋል። ማድ ቤቱን በሐሳባቸው ገብተውበታል ማለት ነው፤ የቀረው በእግራቸው መግባት ብቻ ነው ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

አናጢው በቃሉ የሚኮራ ሰው ነበር። እምነ በረዱ ከዋንዛው ጣውላ ስለሚወፍር፣ ከላይ እኩል እንዲገጥሙ የዋንዛውን ሣጥን በዚያው ልክ ከፍ አድርጎ ሠራው። እምነ በረዱን በሲሚንቶ አጣበቀው። ከዚያ ውሃ ልኩን አምጥቶ፣ ግማሹን ድንጋዩ ላይ ግማሹን እንጨቱ ላይ አስቀመጠና ሁላችንንም ጠራን። አረፋዋ መሐል ላይ ቁጭ ብላለች። በእጃችን ብንዳስሰው መጋጠሚያው አይታወቅም። "ፈረንጁም ቢሆን እንዲህ አላገጣጠመም" አለ። ሐሰት አልነበረም።

ደብረ ዘይት ከመድረሱ በፊት ሁሉም አለቀ። የጾሙን ድስት ከዋንዛው ሥር፣ የፍስኩን ከእምነ በረዱ ሥር አስገባሁ። ቢላዋውን፣ ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን ዋንዛው ላይ አዘጋጅቼ ጠራኋቸው። በምርኩዛቸው እየተመሩ ገቡ። መሳቢያውን ስበው መለሱት። መዝጊያውን ከፍተው ድስቶቹን ቆጠሩ። ጣውላውን በመዳፋቸው ዳበሱት። "ሸጋ ነው፣ ሸጋ። እጁ ይባረክ። ላንቺም የምትጠግቢበት ያድርግልሽ" አሉና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ጠበቅሁ። ሰኞ የለም። ማክሰኞ የለም። ሆን ብዬ ሥራ እያጋመስኩ ገበያ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ሽንኩርቱ እንዳስቀመጥኩት ነው። ልጁን አቅፈው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። "እግዜር ይስጥልኝ" እንደሆነ አልቀረም። ንቀውት ነው አልኩ። የመሸታ ቤት ድንጋይ ስለሆነ ተጸይፈውት ነው አልኩ። እኔን አልወደዱኝም፣ መቼም አይወዱኝም ብዬ ብቻዬን ተብሰለሰልኩ። በዚህ ላይ ባሌ አንድ ቀን ከሥራ መጥቶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ እናቱ ለዳግማይ ትንሣኤ ማግስት በቅሎ እንዲፈልግላቸው እንዳዘዙት ነገረኝ።

ከዚህ በኋላ ትዕግሥት የሚባል ነገር ከየት ይመጣል? ማማሰያዬን እንደያዝኩ በረንዳ ወጣሁ።

"እመይቴ፣ ምን በደልኩዎ?" አልኳቸው።

"ምንም አልበደልሽኝ ልጄ። ምነው?"

"ታዲያ ለምን ይሄዳሉ? ይህ ሁሉ ድካም ለማን ሆነና? ማድ ቤቱ ለእርስዎ እኮ ነው የተሠራ! እኔ ወገቤን አሞኝ አያውቅም!"

ምስጢሬ ወጣች። ምላሴን ነከስኩ፣ ግን ወጥታለች። ባሌ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። አማቴ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሳረፉና ቀና ብለው አዩኝ።

"ለእኔ ነው?"

"ለእርስዎ ነው።"

"ታዲያ ምነው እኔን ሳትለኩ?"

ተነሡ፣ ምርኩዛቸውን ያዙ፣ እየቀደሙኝ ወደ ማድ ቤቱ ገቡ። ከዋንዛው ፊት ቆሙ። ጣውላው ደረታቸው ላይ ደረሰ። ቢላዋውን አንሥተው ሊከትፉ እጃቸውን ሲያወጡ ሁለቱ ክርናቸው ልትበር እንደምትል ዶሮ ክንፍ ወደ ላይ ተነሣ። ያ ሁሉ ሜትር፣ ያ ሁሉ ውሃ ልክ፣ እኔን ብቻ ለክቶ ቀርቷል።

"አንቺ ገበያ ስትሄጂ ሁለቴ ሞክሬዋለሁ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ትከሻዬ ዝሎ ተውሁት። ዝቅ ይበልልኝ እንዳልል ደግሞ፣ ለራሷ ያሠራችውን ልታበላሽባት ነው እንዳትይኝ ብዬ ፈራሁሽ።"

እኔ እንዳላሳፍራቸው ዝም አልኩ፤ እሳቸው እንዳያስቀይሙኝ ዝም አሉ። ሁለት ይሉኝታ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አንዲት አሮጊት ሊያሰድድ ነበር። መጀመሪያ ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ አለቀስኩ፤ አፍሬ ነው። የሰው ጉልበት አስቤ የሰው ቁመት ረሳሁ። አማቴ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝና "በይ ተይ፣ ሰው ይሰማል" አሉኝ። የሚሰማ ሰው ግን ባሌ ብቻ ነበር፤ እሱም ከበሩ ኋላ ቆሞ ንፍጡን ይስብ ነበር።

አናጢውን አስጠራነው። ነገሩን ስነግረው ከፊቱ ላይ ደም ጠፋ። "ውሃ ልኩን በዓይንሽ አይተሽ የለም? አሁን አንዱ ሽቅብ አንዱ ቁልቁል ሆኖ የሚያይ ሰው ምን ይለኛል? ጠጥቶ ነው የሠራው ይለኛል!"

"ሁለቱንም ዝቅ አድርጋቸዋ፣ አያ" አልኩት።

"ድንጋዩ በሲሚንቶ ተይዟል። ልንቀለው ብል ይሰነጠቃል። የሚቆረጥ ዋንዛው ብቻ ነው።" እጁን አጣምሮ ቆመ። ይህን ሥራ አልነካም የሚል መልክ ነበረው።

አማቴ ያኔ ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጡኝና በገዛ እግራቸው ከጣውላው ፊት ቆሙለት። "ወንድሜ፣ ሥራህ ሸጋ ነው፤ ክፉ የሚለው የለም። እኔ ግን አሮጊት ነኝ፣ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎኛል። ተቀምጬ መሥራት አልችልም" አሉት። ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለልጃቸው እንኳ ብለውት አያውቁም። አናጢው ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ሜትሩን ከኪሱ አወጣ።

"ክንድዎን ይጠፉልኝ፣ እመይቴ" አለ።

ሣጥኑን ከሥሩ ስንዝር ተኩል ቆረጠው። ቀኑን ሙሉ እየተነጫነጨ ነው የሠራ፤ ሲጨርስ ግን ውሃ ልኩን ዋንዛው ላይ ብቻውን አስቀምጦ አረፋዋን አየ። "ለብቻውም ቢሆን ቀጥ ያለ ነው" ብሎ መሣሪያውን ሰበሰበ።

እንዲህ ሆኖ አንድ ጎኑ ከፍ ያለ ነጭ ድንጋይ፣ አንድ ጎኑ ዝቅ ያለ ቀይ እንጨት፣ መሐሉ ላይ እንደ ደረጃ የተሰበረ ማድ ቤት ኖረን። ያየው ሁሉ ሳቀ። ጎረቤቶቼ ለማየት ብቻ ጨው ልበደር እያሉ ይመጡ ነበር። እኔ ግን በነጋታው ልብስ ሳሰጣ ከመስኮቱ በኩል የቢላዋ ድምፅ ሰማሁ፤ ፈጣን፣ እኩል፣ ሳይቋረጥ። የልጄን ሸሚዝ እንደያዝኩ ቆሜ አዳመጥሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ያውቃል ማለት አልችልም። ምሳ ሲቀርብ "ይህ ክክ ወጥ ማን ነው የሠራው?" ብሎ ባሌ ጠየቀ፣ ማን እንደሆነ እያወቀ። አማቴ "ዝም ብለህ ብላ" አሉት።

የቀረውን ጾም እንዲህ ገፋነው። እሳቸው ዋንዛው ጋ፣ እኔ ለልጁ ወተት ሳፈላ እምነ በረዱ ጋ፣ ጎን ለጎን ቆመን። ብዙ አናወራም። ሲያወሩም አብዛኛው ነቀፋ ነው፤ ቢላዋ አያያዜን፣ እሳት አያያዜን፣ ሽንኩርቱ ላይ መቼ ውሃ ጠብ እንደማደርግ። እየተነጫነጭኩ እሰማለሁ። ስለ በቅሎው ግን ማንም አያነሣም። እሳቸው ትቼዋለሁ አላሉም፣ እኔም ደፍሬ አልጠየቅሁም። በያንዳንዱ ቀን ፋሲካ እየቀረበ መሄዱ ያስጨንቀኝ ጀመር። ሰው ሁሉ ጾም እስኪፈታ ሲቸኩል፣ እኔ ባይፈታ ብዬ የተመኘሁበት ዓመት እሱ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ዶሮዋ ታርዳ፣ ተገሽልጣ መጣች። ያኔ ነው ያላሰብነው ነገር የገጠመን። ዝቅ ያለው ዋንዛ የጾም ነው። የፍስኩ እምነ በረድ የኔ ቁመት ነው። አማቴ ዶሮዋን ይዘው በሁለቱ መሐል ቆሙ።

"ለዛሬ ብቻ ዋንዛው ላይ ይሁን፣ አናጢው በመላጊያ ይልግልናል" አልኳቸው።

"አይሆንም። ገና ጾም ነው።"

"ሣጥን ላምጣና ይቁሙበት?"

"በዚህ ጉልበቴ? ልትገድይኝ ነው?"

ዶሮዋን አዩ፣ እምነ በረዱን አዩ፣ እኔን አዩ። በአገራቸው ሠርግም ይሁን ተዝካር ዶሮ ሲበለት ቢላዋውን ለሰው ሰጥተው አያውቁም፤ ይህን ባሌ ደጋግሞ ነግሮኛል። ዶሮዋን እምነ በረዱ ላይ አኖሩልኝ። ከዚያ ቢላዋውን በስለቱ በኩል ይዘው እጀታውን ወደኔ ዘረጉት።

"በይ ያዢ። እጅሽ አይንቀጥቀጥ" አሉኝ።

ቢላዋውን ተቀበልኳቸው። እሳቸው ከዋንዛቸው ጋ ቆመው ነጭ ሽንኩርት እየላጡ፣ ዓይናቸውን ከኔ ሳይነቅሉ ያዙኛል፤ መገጣጠሚያውን ፈልጊ፣ አጥንት አትስበሪ፣ እዚያ ጋ አይደለም፣ አዎ እዚያ። አሥራ ሁለት ብልት መሆን አለባት። አንዱ ከእጄ ተንሸራቶ ተቀደደ። "እሱን ለባልሽ ስጪው፣ አያውቅም" አሉ። ወጡ ሲበስል ጾም ስለሆነ መቅመስ የለም። እሳቸው በማሽተት ብቻ ጨው ጨምሪ ይላሉ፣ እሳት ቀንሺ ይላሉ። እኔ እንደታዘዝኩ አደርጋለሁ።

እንዲህ እየሠራን ድንገት "የሰኔ ጾም ዘንድሮ መቼ ይገባል?" ብለው ጠየቁኝ።

ከፋሲካ ሃምሳውን ቀን በጣቴ ቆጥሬ ነገርኳቸው።

"ጊዜ የለንማ። የባለፈው ዓመት አተር ለሽሮ አይሆንም፣ ነቅዟል። በዓሉ እንዳለፈ አዲስ እናስመጣና ክኩን እኔና አንቺ እንጀምራለን። ጣውላዬ ሰፊ ነው፣ ይበቃል።"

እንጀምራለን አሉ። ጣውላዬ አሉ። ሁለቱ እጄ ዶሮ ነክቶ ስለነበር ዓይኔን የምጠርግበት አጣሁ።

"እሺ፣ እመይቴ" አልኩና ወጡን ማማሰል ቀጠልኩ።